አባ ጀሶና ሦስት መቶው አፍ

አባ ጀሶ ጥርስ ሠሪ ነው። ነቃይ አይደለም፤ ሠሪ ነው። ይህን ያምታታበት ሰው ካለ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። «መንቀልማ ጉጠት ያለው ሁሉ ይነቅላል፤ ወንድ ከሆንክ ትከል!» ይላል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ጠዋት ንጹሕ ሱሪ ለብሶ ይገባል፣ ማታ ከቅንድቡ እስከ ጫማው በጀሶ ነጥቶ ይወጣል፤ ዱቄት ውስጥ የወደቀ ድመት ነው የሚመስለው።

ሱቁ ሁለት ክፍል ነው። ከፊተኛው ክፍል መሐል ከአንድ ፀጉር አስተካካይ የተገዛ፣ በእግር ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር ተቀምጧል። ያ ወንበር የራሱ ሕግ አለው፦ የተቀመጠበት ሁሉ «አንተ» ወይ «አንቺ» ነው። ዳኛ ይምጣ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይምጣ፣ «አፍህን ክፈት» እንጂ «አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብሎ ነገር የለም። ቅር ያለው ካለ «አክብሮቱ ከወንበሩ ሲወርዱ ይጠብቅዎታል» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ሲወርዱ ኮታቸውን ራሱ ያለብሳቸዋል።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ከኋለኛው ክፍል ነው። እዚያ የሥራ ጠረጴዛው፣ የሰም ማቅለጫው፣ በየቁመታቸው የተሰለፉት ሞረዶች፣ ከበላያቸው ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ሦስት መቶ የጀሶ አፍ ተደርድሯል። አባ ጀሶ የአንድን ሰው ድድ ቅርጽ አንዴ ከወሰደ ሰውየው ቢሞት እንኳ ቅርጹን አይጥልም። «ጥርስ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ውሻ ይወስደዋል፤ ቅርጹ ካለ ግን ሰውየው አለ» ባይ ነው።

ስም ግን አይጽፍበትም። ሰው በሰው ሠራሽ ጥርሱ ያፍራል፤ የአንዷ ስም መደርደሪያው ላይ ቢታይ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቅርጹን ሲወስድ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ጥርሱ ሲገባልህ መጀመሪያ የምትነክሰው ምንድን ነው?» የተመለሰለትን ከጀሶው ሥር በሚስማር ይጭራል። ለውዝ። የበሬ ጎድን። ሸንኮራ አገዳ። አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ «አለቃዬን» ብሎት እሱኑ ጽፎታል።

ሚስቱ ይህ ነገር አይዋጥላትም። «አንተ ሰውዬ፣ ስም ጻፍ! አንድ ቀን ይምታታብህና ጉድ ይፈላል» ትለዋለች። እሱ ደረቱን ይነፋል። «እኔ? ጥርሴን በነቀልኩበት ሥራ? አፍ የማያውቅ ነው ስም የሚጽፍ!» ይላታል። እሷ የመጀመሪያ ደንበኛው ነበረች። ገና ወጣት ሳለች በሕመም ጥርሶቿን አጥታ መጣች፣ ያችን ጥያቄ ጠየቃት፣ መለሰችለት፣ በዓመቱ ተጋቡ። የእሷ ቅርጽ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ጫፍ አለ። ሥሩ ላይ የተጻፈውን ከሁለቱ በቀር ያነበበ የለም፤ ልጃቸው ስንት ጊዜ ለምና «ስታድጊ» ተብላለች። አደገች፣ ተዳረች፣ አሁንም አልተነገራትም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና የጦርነቱንም ነገር ከሥሩ እናንሳው። ከተማዋን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በወዲህና በወዲያ ያለው ሰው አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ይጋባል፣ ይገበያያል፣ ይሰዳደባል። ከባሕር ማዶ የመጡት ገዢዎች ግን ሰውን ሳይመድቡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ነበሩ። ካርታ ዘረጉና አንዱን «ቀኝ ዳር»፣ ሌላውን «ግራ ዳር» ብለው በየመታወቂያው ላይ ጻፉበት። ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ ላዞረ ሰው ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሰዉም ራሱ አመነው።

ለቀኝ ዳር ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱና ጸሐፊ አደረጓቸው። የግራ ዳሮቹን «እናንተ ትከሻችሁ ሰፊ ነው» ብለው ወታደር አደረጓቸው። የሚሄዱ ዕለት ታዲያ መንግሥቱን ብዕር ለያዘው፣ የጦር ሰፈሩን ጠመንጃ ለያዘው አስረክበው መርከባቸው ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሕፃን ልጅም ይገምተዋል! ጸሐፊዎቹ ወታደሮቹን ፈሩ፤ ስለ ፈሩም የግራ ዳር መኮንኖችን አንድ ባንድ በጡረታ እያሰናበቱ የራሳቸውን ሰው ሾሙ። ወታደሮቹ ደግሞ «ደሙ የእኛ፣ ወንበሩ የእነሱ» ማለት ጀመሩ። ምርጫ ተደረገ፤ ድምፅ ቆጣሪው ሁሉ የቀኝ ዳር ልጅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ገለባውም ክብሪቱም አንድ ቤት ገቡ ማለት ነው።

ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ በነፃነቱ ዕለት፣ ሁለት አሥር አለቆች አፋቸውን በመሐረብ ይዘው አባ ጀሶ ሱቅ ገቡ። አንዱ የግራ ዳር ልጅ ነው። ሌላው የቀኝ ዳር ሲሆን ብዕር አልስማማው ብሎ የተቀጠረ ነው። በአንድ ክፍል የሚያድሩ፣ አንድ ሳሙና የሚካፈሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በጭነት መኪና ላይ ቆመው ሲጨፍሩ፣ ሾፌሩም አብሮ ሲጨፍር ኖሮ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሁለቱም በአፋቸው የመኪናውን ብረት ሳሙት። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው በአንድ ብረት፣ በአንድ ደቂቃ ረገፈ። እየደሙ ይስቃሉ። ሲያወሩ ጥርስ የሚያስከድኑ አልነበሩም፤ እንዲያውም የሚከደን ጥርስ እነሱ ራሳቸው አልነበራቸውም።

«መጀመሪያ የምትነክሰው ምንድን ነው?» አለው አባ ጀሶ ለፊተኛው።

«የተጠበሰ በቆሎ!»

«እኔም በቆሎ!» አለ ሁለተኛው ተራውን ሳይጠብቅ ከበሩ ሆኖ። «አብረን ነው የምንበላው!»

አባ ጀሶ በሁለቱም ሥር «የተጠበሰ በቆሎ» ብሎ ጫረ። ሚስቱ ከበስተኋላ «እባክህ የእነዚህን እንኳ ስም ጻፍ!» አለችው። እሱ ሳቀባት።

ከነፃነቱ በስድስተኛው ዓመት የአባ ጀሶና የሚስቱ ልጅ ተዳረች። ባሏ ከግራ ዳር የሆነ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ዱቄት ስለሆነ «አባቴን የመሰለ አገኘሁ» ብላ ነው የወደደችው። ይህች ልጅ ጀሶ እያቦካች ያደገች ናት። አባቷ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ የትኛውን ሞረድ እንደፈለገ ሳይናገር ታውቃለች። ሠርጓ በተደገሰ በሁለት ሳምንቱ የጦር ሰፈሩ አመፀ፣ ሁለቱን ዳር የሚያገናኘው ድልድይ ተዘጋ፣ እሷም ወዲያ ማዶ ቀረች።

ድልድዩ የተዘጋ ዕለት ሚስቱ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ጥርሶቿን አወጣች፣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተቻቸው፣ ብርጭቆውንም ወንዙን በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «ልጄን ዓይኔ ሳያይ እነዚህ አፌ አይገቡም» አለች። አባ ጀሶ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። አልሆነም። አራት ዓመት ሙሉ የጥርስ ሠሪ ሚስት ያለ ጥርስ ኖረች። ሰፈርተኛው «የአናጢ ቤት በር የለውም» እያለ ቀለደበት። እሱን ያበገነው ቀልዱ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን ባየ ቁጥር ልጁ ወዲያ መሆኗን ያስታውሰዋል፤ እሷም እንዲረሳ አልፈለገችም።

ጦርነቱ እንደ ጦርነት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ወገን «በሳምንት እንጨርሰዋለን» አለ። በሁለተኛው ዓመት እነዚያ በመርከብ የሄዱት ሰዎች ተመልሰው ለወዲህም ለወዲያም መድፍ ሸጡ። ጥሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ደንበኛ አያዳሉም። በሦስተኛው ዓመት የዳቦ ሰልፉ ከድልድዩ እስከ ሆስፒታሉ ደረሰ። በአራተኛው ዓመት ለምን እንደሚዋጉ የሚያስረዳ ሰው ጠፋ፤ ሬዲዮው ግን ማስረዳቱን አላቆመም። አባ ጀሶ መንጋጋቸው የተሰበረ ልጆች ይመጡለት ነበር፤ የሃያ ዓመት ልጆች። በእነዚያ ቀናት ያችን ጥያቄ ሲጠይቅ ልጆቹ «ምንም» ይሉታል። «ምንም» ብሎ ግን ጽፎ አያውቅም። «ዳቦ» ብሎ ይጽፍላቸዋል።

አንድ ቀን የቀኝ ዳር ወታደሮች የግራ ዳር ሰዎችን ንብረት እንሰበስባለን ብለው ገቡ። «ከእነዚህ ውስጥ የግራ ዳሮቹ የትኞቹ ናቸው?» አለ አለቃቸው መደርደሪያውን እያየ።

«እኔ አላውቅም» አለ አባ ጀሶ። «ልጄ፣ አንተ ካወቅህ ለይልኝ።»

አለቃው አንዱን አፍ አነሳ፣ ገለበጠ፣ «ለውዝ» ይላል። ሌላውን አነሳ፣ «ዓሣ» ይላል። ሦስት መቶውን አፍ አገላብጠው፣ አገላብጠው፣ አንዱንም ካንዱ መለየት አቃታቸው። በመጨረሻ ተናደው እንዳገኙት ወደ መደርደሪያው እየወረወሩ ወጡ። ሚስቱ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስም አለመጻፍህ በጀን» አለችው። አባ ጀሶ ሙገሳውን ሳምንቱን ሙሉ ሲያመነዥከው ሰነበተ። የመደርደሪያው ቅደም ተከተል መዛባቱን ግን ልብ አላለም።

እነዚያ ሁለቱ አሥር አለቆችስ? አንዱ የቀኝ ዳሩ ጦር ኮሎኔል ሆኗል። ሌላው በወዲያ ማዶ የአማፂው ጄኔራል ነው፤ ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ስለሆነ ቆጥቦ አልሰጠም። በየማለዳው ጄኔራሉ ከድልድዩ ጫፍ በድምፅ ማጉያ ይሳደባል፣ ኮሎኔሉ ከወዲህ ይመልሳል። ሰዉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእነሱ ስድብ ነበር።

አንድ ማለዳ ጄኔራሉ ስድቡን ከአንጀቱ ሲያወጣው ጥርሱም አብሮ ወጣ። በአየር ላይ ተንሳፍፎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዲያ ማዶ ጭጭ አለ። ኮሎኔሉ ድል ያደረገ መስሎት በደስታ የወታደር ደረቅ ብስኩት ሲቆረጥም የእሱም ለሁለት ተሰነጠቀ። ወዲህም ጭጭ አለ። ከተማው «ምን መጣብን? ምን እየዶለቱ ነው?» ብሎ ፈራ።

በወር አንድ ጊዜ መድኃኒትና ደብዳቤ ይዛ በጀልባ የምትሻገር ነርስ ነበረች፤ ሁለቱም ወገን የሚያሳልፋት እሷን ብቻ ነው። ደብዳቤው ከአሥር ቃል አይበልጥም፣ ክፍቱን ነው የሚሄደው። የልጃቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከብርጭቆው ሥር ተቀምጠዋል። «ወለድኩ። ሴት ናት። አንቺን ትመስላለች።» ከዚያ «ሁለት ጥርስ አወጣች። ባሌን ነከሰችው።» አባ ጀሶ ይህንን ሲያነብ አልቅሶ ስቋል። የልጅ ልጁን የመጀመሪያ ጥርስ ሳያይ መቅረቱ ከመድፉ በላይ ነው ያንገበገበው።

ታዲያ ነርሷ ከብርጭቆ ሥር የሚቀመጥ ሳይሆን የሚቃጠል መልእክት ይዛ መጣች። ጄኔራሉ በምስጢር ጥርስ ይፈልጋል፤ የአባ ጀሶ ልጅ ወዲያ ማዶ መኖሯንም ያውቃል። ክፉ ቃል አልጨመረበትም። ግን መናገሩ ራሱ በቂ ነበር። በዚያው ሳምንት የኮሎኔሉም ትእዛዝ መጣ። አባ ጀሶ ከመደርደሪያው ሁለቱን «የተጠበሰ በቆሎ» አወረደ፣ በዓይኑ መዘናቸው፣ «ይሄ የእሱ፣ ይሄ የዚያኛው» አለ። ሚስቱ «እርግጠኛ ነህ?» ስትለው «ጀመርሽ ደግሞ!» አላት። ሁለት ጥርስ ሠራ፤ በሁለት የሳሙና ቆርቆሮ ውስጥ በእርጥብ ጥጥ ጠቀለለ። አንዱ በጀልባ ሄደ፣ ሌላው ወደ ኮሎኔሉ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ኮሎኔሉ ፖስታ ቤቱን ቢሮ አድርጎታል፤ ጉንጩ አብጦ የጥቅል መቀበያው መስኮት ኋላ ተቀምጧል።

«ልትገድለኝ ነው?» አለ ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ። «ላንቃዬን ሰነጠቀው!»

አባ ጀሶ ጥርሱን በመዳፉ ገልብጦ አየው። ደግሞ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ከላንቃው በኩል አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች። የኮሎኔሉ ላንቃ ላይ እዚያ የሚገባ ጉብታ የለም። ጉብታ ያለው ጄኔራሉ ነው።

«ትንሽ ይሞረዳል» ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ግን የኮሎኔሉ ጥርስ ይሄኔ ከጄኔራሉ አፍ ውስጥ ነው። ያ ሰውዬ «የቀኝ ዳሮች መቀለጃ አደረጉኝ» ብሎ ቢያስብ ንዴቱን የሚወጣው በማን ላይ ነው? በማን ላይ እንደሆነ አባ ጀሶ ያውቃል።

«ጌታዬ ኮሎኔል፣ ይህ ጥርስ የእርስዎ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የማዶው የጄኔራሉ ነው።»

ከጥግ የነበረችው ጸሐፊ ታይፑን አቆመች። ኮሎኔሉ መሐረቡ ላይ ሁለት ጊዜ ተፋ። «ለጠላት ጥርስ ትሠራለህ?»

«እኔ የምሠራው ለአፍ ነው።»

«ሁለት ቀን የዚያን ሰውዬ ጥርስ ይዤ ነው የዞርኩት?»

«እሱም የእርስዎን ይዞ ነው የዞረው።»

«እንዴት አድርገህ ነው ያምታታኸው? በደህና ጊዜ የከተማውን ሁሉ አፍ አውቃለሁ እያልክ ስትጎርር አልነበረም?»

አባ ጀሶ እዚህ ላይ ፍርሃቱን ንዴት አሸነፈው። «ሁለታችሁም የተጠበሰ በቆሎ ብላችኋላ! አንዳችሁ ለውዝ ብትሉ ምን ነበረበት!»

ኮሎኔሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ድልድዩ ይታያል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጸሐፊዋ የሚያለቅስ መስሏት ተነሣች። እሱ ግን ድዱ እስኪታይ እየሳቀ ነበር። «አብረን ነው የምንበላው ብሎኝ ነበር» አለ እንባውን እየጠረገ። «ያ ሌባ! ሁልጊዜ ትልቁን በቆሎ የሚያነሣው እሱ ነበር።»

«ጥርሶቹን ብንቀያይራቸውም አይበቃም» አለ አባ ጀሶ ልቡ መለስ ሲል። «ድድ እንደ ሰው ነው፣ ሲከፋው ይሸሻል። ቅርጹ የአሥር ዓመት ነው። እኔ ራሴ ከእያንዳንዳችሁ አፍ ላይ እያየሁ ካልሞረድኩት አይሆንም። ወንበሬን ድልድዩ መሐል አስቀምጡልኝ። እሱም ይምጣ፣ እርስዎም ይምጡ።» ትንሽ አሰበና ዋናውን ነገር ጨመረ። «ያለ ረዳት ደግሞ አልሠራም። ረዳቴ ወዲያ ማዶ ናት።»

ኮሎኔሉ መሐረቡን አጠፈ። «ረዳትህ ማን ናት?» አለ።

«ልጄ።»

ነርሷ የኮሎኔሉን መልእክት ይዛ፣ ነጭ ጨርቅ አንጠልጥላ ከወሩ ቀን ውጭ ተሻገረች። የጄኔራሉ መልስ አሥር ቃል አልሞላም፦ «እመጣለሁ። በቆሎውን እኔ አመጣለሁ። ጨው እሱ ያምጣ።»

በማግስቱ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩስ እንዲቆም ተስማሙና አራት ወታደሮች ወንበሩን ተሸክመው ወጡ። ድልድዩ መሐል በኖራ የተሰመረ መስመር ነበር፤ አባ ጀሶ ሁለቱን የወንበር እግሮች በወዲህ፣ ሁለቱን በወዲያ አስተከላቸው። የጸጥታ ኃላፊው የአባ ጀሶ ሚስት እንዳትመጣ አዝዞ ነበር። ይህን ሄዶ የሚነግራት ደፋር ግን ከመላው ጦር ውስጥ አልተገኘም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውሃው እንዳይፈስስ እየተጠነቀቀች ከባሏ ኋላ ትከተላለች።

ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ገበታ ይዛ መጣች። ከጎኗ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትሮጣለች። አባ ጀሶ «ረዳቴ!» ብሎ ተጣራ። ልጁ ገበታውን ጥላ ሮጠች። አራት ዓመት! አቅፎ አልበቃው፣ ስሞ አልበቃው። እንባው ጀሶ የለበሰ ጉንጩ ላይ ሁለት መንገድ አወጣ። እናትየዋ ደግሞ ብርጭቆዋን ለኮሎኔሉ «ያዝልኝ» ብላ አስታቀፈችውና ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠመጠመቻቸው። ኮሎኔሉ ብርጭቆውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን ያድርግ?

ትንሿ ልጅ አያቷን ሽቅብ አየችው። «አንተ ለምን ነጭ ሆንክ?» አለችው።

«አያትሽን አንቱ በዪ!» አለች እናቷ እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጭቅጭቅ ተነሣ። ማን ይቅደም? ኮሎኔሉም ጄኔራሉም አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው «እኔ ሁለተኛ አልሆንም» አሉ። በሁለቱም ጫፍ ያሉት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ወንበር ሊበላሽ ሆነ። ጦርነቱስ ቢሆን በምን ተጀመረና?

አባ ጀሶ እጁን አጨበጨበ። «ወንበሬ ላይ ማዕረግ የለም! አንተ» አለ ወደ ጄኔራሉ እያመለከተ፣ «አንተ ጥርስህን ወንዝ ውስጥ ቀድመህ ጥለሃል፤ ቀድመህ ቁጭ በል። አንተም ኮሎኔል፣ ተራህ እስኪደርስ ብርጭቆውን እንዳትደፋ። ጄኔራል፣ አፍህን ክፈት!»

ጄኔራሉ ቁጭ አለ። አፉን ከፈተ። አንዱ ወታደር መሳቅ ጀመረ፣ ከማዶ ሌላው ተቀበለው፣ ድልድዩ በሳቅ ተናወጠ።

አባ ጀሶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ልጁ ሳይናገር ትክክለኛውን ሞረድ አቀበለችው። እየሞረደ እያየ፣ እየሞረደ እያየ ሰዓት ሄደ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ አልቋል» አለችው በጆሮው። «ዝም ብለሽ አቀብዪኝ» አላት። እሷም ገባት። የአንድ ሰዓቱ ተኩስ አቁም አራት ሰዓት ሆነ። ወታደሮቹ በየጫፋቸው መቆም ሰለቻቸው፤ መጀመሪያ ተጠራሩ፣ ከዚያ ስለ እናቶቻቸውና ስለ ሠፈሮቻቸው ተጠያየቁ፣ ከዚያ በአንድ ከሰል ዙሪያ በቆሎውን ለመጥበስ ተሰበሰቡ።

ኮሎኔሉና ጄኔራሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጀመሪያውን በቆሎ ነከሱ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ።

«ያ ሾፌር የት ደረሰ?» አለ ጄኔራሉ።

«ሞተ። በሁለተኛው ዓመት።»

«በማን?»

ኮሎኔሉ በቆሎውን ጨው አስነካ። ከዚያ ጄኔራሉ ትልቁን በቆሎ አነሣና ለኮሎኔሉ ሰጠው።

ሰላሙ የተፈረመው ከሰባት ወር በኋላ፣ በሌላ አገር፣ ክራቫት ባሰሩ ሰዎች ነው፤ ፎቶውም ጋዜጣ ላይ አለ። አባ ጀሶ እዚያ ውስጥ የለበትም፣ አለሁበትም አይልም። ከተማው ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልተኮሰም። አባ ጀሶ ሞረዱን እያስቀመጠ «ድድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነገ ደግሞ መታየት አለባችሁ» ብሎ ነበር። ነገ ታዩ። ከነገ ወዲያም ታዩ። በአሥረኛው ቀጠሮ ከኖራው መስመር ላይ የሚረግጠው ሰው በዝቶ መስመሩ ጠፋ።

ግን እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት የመጀመሪያውን ቀን ማብቂያ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከተነሡ በኋላ ሚስቱ ብርጭቆዋን ከኮሎኔሉ ተቀበለችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ተራዬ ነው» አለች። የልጅ ልጇ ጭኗ ላይ ወጣች።

አባ ጀሶ ጥርሶቹን ከውሃው አውጥቶ አጠባቸው፤ ከኪሱም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቅርጽ አወጣ። ይዞት መጥቶ ኖሯል። ገልብጦ ለልጁ አሳያት። ከሥሩ በሚስማር፣ በወጣትነት እጁ፣ አንዲት ቃል ተጭራለች፦ «አንተን።»

ልጅቷ በእጇ አፏን ያዘች። «እማዬ! እንዲህ ነበር ያልሽው?»

እማዬ ጥርሶቿን አስገባች፣ ሁለት ጊዜ አጋጨቻቸው፣ የባሏን ቀኝ እጅ ሳብ አደረገችና አውራ ጣቱን በሁለት ጦር ፊት ነከሰችው። የዋዛ ንክሻ አልነበረም፤ የአራት ዓመት ንክሻ ነው። አባ ጀሶ «ኧረ!» ብሎ ዘለለ። የልጅ ልጁ በሳቅ ወደቀች።

እሱ አውራ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሣ። በጀሶው ላይ የቀረውን የጥርስ ምልክት አንድ ባንድ አየው። እንባው ዓይኑን ቢሸፍነውም ልምዱ አልለቀቀውም።

«በግራ በኩል ትንሽ ከፍ ብሏል» አለ። «ነገም መምጣት አለብሽ።»